ከኩላሊቴ ርቆ ይነድ የነበረው እሳት

ሕመሜ ሲጀምር ያየኝ ሁሉ «ተስማምቶዎታል» ይለኝ ነበር። ጠዋት ስነሣ ፊቴ ሞላ ይላል፤ የዓይኔ ዙሪያ ያብጣል፤ ጉንጬ ይወጠራል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያገኙኝ የአገሬ ልጆች «እትዬ ወርቅነሽ፣ ምን እየበሉ ነው? ለእኛም ይንገሩን እንጂ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። የካርቱም ፀሐይ ሰውን ያደርቃል፤ ፊቱ የሞላ ሰው ሲገኝ ደስ ይላል። እኔም እውነት መስሎኝ በልቤ አመሰገንኩ። የሞላው ሥጋ ሳይሆን ውሃ እንደነበር ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ይህን እንድጽፍ የጠየቁኝ በጽዋ ማኅበራችን ያሉ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ በሰው ቤት ይሠራሉ፤ ሲያማቸው ክኒን ተዋውሰው ይውጣሉ። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ነገር ግን እኔ በሄድኩበት መንገድ ሌላዋ እንዳትሄድ የሚረዳ ከሆነ ዝም ማለቱ ትክክል አልመሰለኝም።

ካርቱም ከገባሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከጎንደር ተነሥተን በገዳሪፍ በኩል ከባለቤቴ ጋር መጣን። እሱ መካኒክ ነበር፤ ካረፈ ቆይቷል። የምኖረው ካላክላ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ነው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ በርበሬና ሽሮ በደጃፌ እሸጣለሁ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ምሕረት። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ስላደገች አማርኛዋ ከዐረብኛ ጋር የተደባለቀ ነው። አርካዊት ሰፈር ባለ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች።

ነገሩ የጀመረው ደቡቡ ከሱዳን በተገነጠለ ማግስት ነበር። መጀመሪያ ድካም መጣ። በርበሬ ስነፋ ክንዴ ይዝላል። ምግብ አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይለኛል። ሽንቴ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ያወጣል፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ የሚወራ ነገር አልመሰለኝም። ቆዳዬ ያሳክከኛል፤ እሱን ከሙቀቱ ነው አልኩ።

ካርቱም ውስጥ የከዳ ጉልበት ሁሉ ወባ ነው። ሰፈራችን ወዳለው ትንሽ ክሊኒክ ስሄድ ከጣቴ ደም ወስደው «ወባ አለብሽ» ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። ጨርሼ ሳልሻል ተመለስኩ፤ እንደገና ወባ ተባለ። በሦስተኛው ታይፎይድ ተጨመረበት። ደም ግፊቴን የለካ ሰው አልነበረም። እነዚያን ሰዎች አልወቅስም፤ በቀን የሚያዩት ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ እኔም የተጠየቅኩትን እንጂ ሌላ አልነገርኳቸውም።

በዚያ ላይ ጉልበቴን ያመኝ ነበር። በሁዳዴ ቅዳሴ ቆሜ ማስቀደስ ስለምፈልግ ማስታገሻ ያስፈልገኛል። ክኒን ልዋጥ ብል በውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ጾም ያስገድፋል። ስለዚህ መርፌ መረጥኩ። መርፌ በአፍ አይገባምና ጾም አይሽርም ብለን እናምን ነበር። በሰፈራችን መርፌ የምትወጋ የአገር ልጅ ነበረች፤ እኔን ብቻ ሳይሆን ጉልበቷን ያመማትን ሴት ሁሉ ትወጋ ነበር። በሁዳዴ የካርቱም ሙቀት እንዴት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ፣ ያንን መርፌ ተወግቼ እቆማለሁ። በኋላ በትልቁ ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ይህን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ውሃ በተጠማ ሰውነት ላይ እንዲህ ያለ ማስታገሻ ሲገባ የኩላሊትን የደም መንገድ ያጠብበዋል አለችኝ። እኛ መርፌው ጾሙን መግደፉንና አለመግደፉን እንጂ የት እንደሚሄድ ጠይቀን አናውቅም።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል የወሰደችኝ ምሕረት ናት። አንድ ቀን ጫማዬን ሳወልቅ የካልሲው ጠርዝ እግሬ ላይ ጎድጉዶ ቀርቶ አየች። በጣቷ ተጫነችው፤ የጣቷ ስርጉድ ሳይሞላ ቆየ። «እማ፣ ይሄ ወባ አይደለም። ያላ፣ ነገ እንሄዳለን» አለች። በርበሬው ሳይሸጥ ይበላሻል ብዬ ለማስተላለፍ ሞከርኩ፣ አልሰማችኝም።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ረጅም ኮሪደር ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ የብረት ወንበሮች አሉ፤ ከላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ ሙቀቱን ከዚህ ወደዚያ ያመላልሰዋል። የኩላሊት ሕመምተኛ በመልኩ ይታወቃል፤ ቆዳው አመድ ይመስላል፤ ውሃ የያዘ ሰው ሲያልፍ ዓይኑ ይከተላል። ከኦምዱርማን የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። በሳምንት ሁለቴ በማሽን ደማቸው ይታጠባል። ማሽኑ እንዴት ነው ብላ ምሕረት ስትጠይቃቸው «ከሚስቴ ይሻላል። አራት ሰዓት ሙሉ ይዞኝ ይውላል፣ አንድ ቀን ግን የት ነበርክ ብሎኝ አያውቅም» አሏት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ውሃ ጥሙን እንዴት እንደሚያሳልፉም አስተማሩኝ፤ ትንሽ የበረዶ ቁራጭ ከምላስ ሥር ማቆየት ነው። ዛሬም አደርገዋለሁ።

ያየችኝ ሐኪም ሴት ናት፤ ከምሕረት ጥቂት ዓመት ትበልጥ ይሆናል። በሱዳን ልማድ ያረጀች ሴት ሁሉ ሐጃ ትባላለች፤ እሷም «ያ ሐጃ» ትለኛለች። ክርስቲያን ነኝ ብዬ ማረሙን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ምርመራዎቹን አይታ ሳትሸፍን ነገረችኝ። ኩላሊቶቼ ከደከሙ ዓመታት አልፈዋል። የቀረኝ አቅም ጥቂት ነው፣ እሱም እየወረደ ነው። ሳይለካ የቆየው ከፍተኛ ደም ግፊት አንድ ምክንያት ነው፤ መርፌው ሌላ ነው። በዚሁ ከቀጠለ ዓመት ሳይሞላ ወደ ማሽኑ እገባለሁ። ለዚያ እንዲሆን በክንዴ ላይ ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ጥገና አገናኝተው መግቢያ ማዘጋጀት አለባቸው። ነገር ግን ደሜ በጣም አንሷል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት እሱን ማሳደግ አለብን አለች።

ደም የሚያሳድግ መርፌ ታዘዘልኝ። ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዝዝ ንጥረ ነገር ይልካል፤ ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙ ይቋረጣል፤ መርፌው በእሱ ምትክ ነው። የብረት መድኃኒትም ተጨመረ። ስለ ወጪው ብዙ አልልም፤ ምሕረት ከትምህርት ቤቱ በኋላ በየቤቱ እየዞረች ልጆች ማስጠናት ጀመረች። ማታ ስትመጣ ድምፅዋ ይዘጋል።

ወራት አለፉ፣ ደሜ አልሞላም። መርፌው ተጨመረ፤ አሁንም አልሞላም። ሐኪሟ በጨዋ አነጋገር መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰድኩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምሕረት ተቆጣች። እኔ ግን አልተቀየምኩም፤ እኔም በሐኪሟ ቦታ ብሆን ያንኑ እጠይቅ ነበር።

ሰው በሌሊት ይፈራል ይባላል። እኔን ያስፈራኝ የቀትሩ ሰዓት ነው። ካርቱም በቀትር ሁሉም በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። ምሕረት ሥራ ናት። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የቤቱን ጣሪያ አያለሁ፤ ቆርቆሮው በሙቀቱ ይንጣጣል። ማሽኑ ላይ ተኝቼ ሰው ሲያስታምመኝ ይታየኛል። ሞት ያን ያህል አላስፈራኝም። ያስፈራኝ በምሕረት ዕድሜ ላይ ተቀምጬ መቅረት ነው።

ያን ሰሞን ሐጃ ዘይነብ መጣች። ጎረቤቴ ናት፤ አንድ ግድግዳ ከተጋራን ሃያ ዓመት አልፎናል። ባሏ ሌላ ሚስት አግብቶ ሄዷል፤ እሷም በዚህ ስትቀልድ ነው የምትኖረው። የዚያን ቀን ግን አልቀለደችም። የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ እኔ አስጠግታ፣ ምሕረት ኩላሊቷን ልትሰጠኝ እየተመረመረች እንደሆነ፣ ደሟም ከደሜ ጋር መስማማቱን ነገረችኝ። «እኔ አልነገርኩሽም» አለችኝ ስትነሣ።

ምሕረት ከሥራ እስክትመጣ ጠበቅኩ። ስትጠየቅ አልካደችም። ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ ቀና ሳትል «አዎ፣ ተመረመርኩ» አለች።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። አንቺ ብትጠየቂ እምቢ ትያለሽ፣ ስለዚህ አልጠየቅኩሽም። ኻላስ፣ አለቀ።»

«እኔ የወለድኩሽ መለዋወጫ እንድትሆኚኝ አይደለም» አልኳት።

ጫማዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። ልጆች ስታስጠና ውላ በተዘጋ ድምፅ «እማ፣ አንቺ ብትሞቺ እዚህ አገር እኔ የማን ልጅ ነኝ? ሱዳኖቹ ሐበሻ ይሉኛል፤ ሐበሾቹ ሱዳን ይሉኛል። ልጄ የምትለኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ።

እራት አቀረብኩላት፤ በላች። ለብዙ ቀን በዚህ ጉዳይ አልተነጋገርንም፤ በሌላውም ብዙ አልተነጋገርንም። እኔ ኩላሊቷን አልቀበልም ብዬ ወሰንኩ፤ እሷ ደግሞ እሰጣለሁ ብላ። በአንድ ቤት ሁለት እልኸኛ ሴቶች ነን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጉዳዩ በሐኪሟ ፊት ወጣ። ምሕረት ቀድማ ተናገረች። ሐኪሟ ሁለታችንንም አዳምጣ፣ ለጊዜው ለአንዳችንም እንደማትፈርድ፣ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር መኖሩን አስታወቀች። በደሜ ውስጥ የብግነት ምልክት በጣም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በዐረብኛ ኢልቲሃብ ይሉታል። እኔ ይህን ቃል የማውቀው ጉሮሮ ሲቆስል ነበር።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ብግነት ሰውነት ጀርም ሲገባበት ወይም ሲጎዳ የሚያነሣው ጦርነት ነው። ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥና ሲያተኩስ የምናየው እሱን ነው፤ እኛ ቁስሉ ተቆጣ እንላለን። ለጥቂት ቀን ከሆነ ይጠቅማል፤ ጠላቱን አጥፍቶ ይበርዳል። ሳይበርድ ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ግን ጉዳቱ በተነሣበት ቦታ አይቀርም፣ በደም ሁሉንም ያዳርሳል። ኩላሊት የተሠራው ከጥቃቅን ወንፊቶች ነው፤ የሰው ደም ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ በእነሱ ያልፋል። ብግነቱ እነዚያን ወንፊቶች ጠባሳ ያደርጋቸዋል። የደከመ ኩላሊት ደግሞ ቆሻሻውን አጥርቶ ስለማያስወጣ፣ የቀረው ቆሻሻ በተራው ብግነቱን ያባብሰዋል። አንዱ ሌላውን ይቆሰቁሳል።

ደሜ ያልሞላውም በዚህ ነው። ብረቱ በሰውነቴ ውስጥ አለ፤ ብግነት ሲኖር ግን ሰውነት ብረቱን ቆልፎ ይይዘዋል፣ ደም የሚሠራውም ክፍል የመርፌውን ትእዛዝ አይሰማም። ከዚያ ወደ ምሕረት ዞራ «ይህ ሳይጠፋ ያንቺን ኩላሊት እዚያ ብናስገባው እሱም ይጎዳል። ቤት እየጨሰ አዲስ ዕቃ አይገባም» አለቻት።

ስለዚህ ጭሱ ከየት እንደሚወጣ መፈለግ ተጀመረ። ሳንባዬ በራጅ ታየ። ሽንቴ ተመረመረ፤ እግሬ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር ተፈተሸ። የማሕፀን ሐኪም አየችኝ። ሆዴ በአልትራሳውንድ ታየ። ሐኪሟ አፌንም በባትሪ አይታለች። ድዴ ጥቁር ነው፤ በልጅነቴ የተነቀስኩት ነው። በአገራችን ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ለሴት ልጅ ድዷን ይነቅሷት ነበር። እናቴ ነቃሿን አስጠርታ፣ ሴትዮዋ እሾህ በጥላሸት እየነከረች ስትወጋኝ ትዝ ይለኛል፤ ማልቀስ ነውር ስለነበር አላለቀስኩም። ለሐኪሟ ይህን ስነግራት የራሷ አያት ከንፈራቸውን የተወቀሩ እንደነበሩ ነግራኝ ፈገግ አለች። ባትሪውን አጠፋች። በየትም ቦታ ምንም አልተገኘም።

ድዴ ጥርሴን ስፍቅ ይደማ ነበር። የጎን ጥርሶቼም ይነቃነቁ ነበር። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አውቅ ነበር። ጥርስ መነቃነቅ የእርጅና ነው ብዬ ተውኩት፤ ሕመምም አልነበረውም። ለኩላሊት ሐኪም ስለ ጥርስ ማውራት ለገበሬ ስለ ዓሣ እንደማውራት መስሎኝ ነበር። በዚያ ላይ ትንፋሼ መለወጡን ስለማውቅ፣ ሰው ሲያነጋግረኝ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አደርጋለሁ። ለአገሬ ሰው ይህ ጨዋነት ነው፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

የጠየቀችው ሐኪሟ ናት። በሌላ ቀጠሮ ከፊቷ ተቀምጬ ስለ ምግቤ ስትጠይቀኝ እንደ ልማዴ አፌን ሸፍኜ እመልሳለሁ። ጽሑፏን አቆመችና ነጠላዬን ተመለከተች።

«ያ ሐጃ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

የነጠላው ጫፍ ላይ ትናንሽ ቡናማ ነጠብጣቦች ነበሩ። እኔ አላየኋቸውም ነበር። ደም ነው አልኳት፤ ከድዴ ነው። ስንት ጊዜ ሆነው አለችኝ። ቆይቷል አልኩ። ለምን አልነገርሽኝም አላለችኝም። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ «ቀይ እየፈለግኩ ነበር። በጥቁር ላይ ቀይ አይታይም» አለች። ያን ቀን ለእኔ ብላ ወደ ጥርስ ሐኪም ራሷ ደወለች።

የጥርስ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጁ ቀላል ነው። በቀጭን ዘንግ የድዴንና የጥርሴን መካከል ለካ። ዘንጉ ጠልቆ ይገባል። ከዚያ ድዴን ከሥር ወደ ላይ በጣቱ ሲጫነው መግል ወጣ። ያምሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አያመኝም አልኩት። ድድ ሲቆጣ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰው የሚያውቀው በመቅላቱና በማበጡ ነው አለ። የእኔን መቅላት ንቅሳቱ ሸፍኖታል። በየጥርሴ ሥር ያለውን ቁስል ሁሉ ገጣጥመን ብናነጥፈው የእጅ መዳፍ ያህል ይሆናል አለኝ። መዳፍ የሚያህል ቁስል ክንዴ ላይ ቢሆን አንድ ቀን አላሳድረውም ነበር።

ጥቂቶቹ በማጽዳት ይድናሉ፤ የሚበዙት ግን መነቀል አለባቸው ተባለ፤ የላይኞቹ ማለት ይቻላል በሙሉ። ጊዜ ስጡኝ አልኩ። ምሕረት ይህን ማመን አቃታት። «ኩላሊቴን እምቢ አልሽ፣ እሺ። ጥርስሽን ደግሞ ለማን ነው የምታስቀምጪው?» አለችኝ በመንገድ ላይ። ልክ ናት፤ ግን ሰው በጥርሱ ጉዳይ ልክ የሆነ ነገር ብቻ አያስብም። ያለኝ ጌጥ እሱ ነበር።

ሐጃ ዘይነብ ሰምታ መጣች። የታችኛው ከንፈሯ እንደ ሱዳን አሮጊቶች ሁሉ በልጅነቷ ተወቅሮ ሰማያዊ ነው። በጣቷ እያሳየችኝ «እኔ ይህን ሁሉ መርፌ የቻልኩት ለባሌ እንዳምር ነው። አየሽው አይደል የት እንዳለ? አንቺ ደግሞ ባልሽ ከሞተ በኋላ ለማን ብለሽ ነው የበሰበሰ ጥርስ የምትጠብቂው? ለመልአከ ሞት?» አለችኝ። ሳቅኩ። አፌን ሳልሸፍን ነው የሳቅኩት፤ ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ጥርሶቼ በአንድ ቀን አልተነቀሉም። ደሜ ትንሽ ስለሆነ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ተነቀሉ። የኩላሊት ሐኪሟና የጥርስ ሐኪሙ በስልክ እየተነጋገሩ ለኩላሊት የማይከብድ መድኃኒት መረጡ፤ የድሮው ዓይነት ማስታገሻ እንዳይሰጠኝም አስጠነቀቀች። ምሕረት ሾርባ እያበረደች ታቀርብልኛለች። አንድ ጊዜ ማንኪያውን ይዛ ልታጎርሰኝ ስትል ከእጇ ወሰድኩባት፤ ተናደደች፣ ከዚያ ሳቀች። ከዚያ የኩላሊት ጠብ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። የመጨረሻው ጥርስ የተነቀለ ዕለት ሐጃ ዘይነብ አፌን አስከፍታ አይታ «ዕቃው ሄዷል፣ ቀለሙ ቀርቷል» ብላ ለሰፈሩ አወጀች።

ወዲያው አልዳንኩም። የመጀመሪያው ምርመራ ብዙም አልተለወጠም። በሁለተኛው የብግነቱ ምልክት በግማሽ ወርዶ ተገኘ። በሦስተኛው ደሜ ከፍ ማለት ጀመረ፤ ያው መርፌ ነው፣ መጠኑም አልተጨመረም። ከወረቀቱ በፊት ግን እኔ አውቄው ነበር። አንድ ጠዋት ተነሥቼ ራበኝ። ከብረት ጣዕም በቀር ምንም የማላውቅ ሰው፣ የጎረቤት የተጠበሰ ሽንኩርት ሸትቶኝ ራበኝ።

እውነቱን መናገር አለብኝ። ኩላሊቴ አልተመለሰም። ጠባሳ የሆነው ጠባሳ ነው፤ ሐኪሟም ኩላሊትሽን ያደከመው ድድሽ ብቻ ነው አላለችኝም። ግፊቱ አለ፣ መርፌው አለ፣ ዕድሜው አለ። ድዱ ግን በእነዚህ ላይ ያለማቋረጥ ነዳጅ ሲያፈስ ነበር። እሱ ሲጠፋ የቀረው ኩላሊት ባለበት ቆመ። የጨው ምግብ ትቻለሁ፤ የግፊት መድኃኒት በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ለጾሙ ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግሬ ውሃ እጠጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ሌላው ሳይቀምስ እኔ ስጠጣ አፍሬ ነበር። እሳቸው ግን «ጾም ለሚችል ሰው ነው፤ ውሃውን እንደ ትእዛዝ ይጠጡት» አሉኝ።

ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ ፊታችሁ ጠዋት ጠዋት ሲያብጥ ተስማማሽ የሚላችሁን አትመኑ። ሽንታችሁ አረፋ ካወጣ ተናገሩ። ደም ግፊታችሁን አስለኩ፤ ትንሽ ጊዜ ነው የሚወስደው። የጉልበት መርፌ በሰፈር አትወጉ፤ በጾም ደግሞ ጭራሽ። ኩላሊት ታማችሁ ደማችሁ አልሞላ ካለ፣ የተቆጣ ነገር የት እንዳለ ይፈለግላችሁ፤ ጥርስ ይሁን፣ እግር ይሁን፣ የማይድን ቁስል ይሁን። ድዳቸውን የተነቀሱ ደግሞ ለጥርስ ሐኪም አስቀድመው ይንገሩት፤ ዓይን የማያየውን በጣቱ ይፈልገዋል። ሐኪም ስለ አንድ ቦታ ሲጠይቃችሁ ስለ ሌላውም ንገሩት። የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ የሚያውቀው እሱ ነው። በማሽኑ ያላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ የኦምዱርማኑ ሽማግሌ ዛሬም እየመጡ ይታጠባሉ፣ ዛሬም ይቀልዳሉ።

ዓመት ከሞላ በኋላ በነበረው ቀጠሮ ሐኪሟ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ለቀዶ ጥገናው እንደማንዘጋጅ ነገረችን። ወደፊት ምን እንደሚመጣ አላህ ያውቃል፣ አሁን ግን ማሽን አያስፈልግሽም አለችኝ። ወደ ምሕረት ዞራ «የአንቺም ባለበት ይቀመጥ» አለቻት። ምሕረት የሰማችውን እንድትደግምላት ጠየቀቻት። ሐኪሟ ደገመችላት።

ወደ ካላክላ የሚሄደው ሐፍላ፣ ትንሹ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ቦታ አገኘን። ገና ከከተማ ሳንወጣ ምሕረት እንቅልፍ ወሰዳት፤ ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ሆና ተኝታብኝ አታውቅም። ከብዳኝ ነበር። ሰው ሲወጣና ሲወርድ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ ተቀመጥኩ። መውረጃ ማሐጣችን ደረሰ፤ ለሾፌሩ አልተናገርኩም፣ አለፍነው። የመጨረሻው ማሐጣ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ነቃች። ውጭውን አይታ የት እንዳለን ገባትና ተቆጣች።

«እማ፣ ለምን አልቀሰቀስሽኝም? አሁን ይሄን ሁሉ መንገድ በእግርሽ?»

«እችላለሁ» አልኳትና ቀድሜያት ወረድኩ።